ጃንጥራር፦ ከአምባሰል ሹመት እስከ ሕፃን ልጅ ስም

(በሐይቅ ከተማ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር፤ ለገጻችን አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ)



እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። አንተ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ በዕድሜያችሁ ስንት «ጃንጥራር» የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? ከደሴ ወደ ሰሜን ወጥታችሁ፣ ሐይቅን አልፋችሁ፣ ውጫሌን ስትይዙ የምታገኙት አገር ልጆች ከሆናችሁ አንድ ሁለት ትቆጥሩ ይሆናል። ከዚያ ወጣ ካለ ግን ስሙን ሲሰማ «ማን አልከኝ?» የሚለው ይበዛል። እኔ ራሴ በአካል የማውቃቸው ሦስት ብቻ ናቸው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንደኛው ነው፤ በእሱ አስታክኬም ስለ ስሙ።

ሰባተኛ ክፍል አብረን ነበርን። አያቱ ከአምባሰል ናቸው፤ ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። የአባቱን ስም አልጠራም፣ ነገር ግን ያም ስም ድሮ የሃይማኖት ማዕረግ የነበረ፣ ዛሬ በወሎ መንደር ሁሉ የሚጠራ ስም ነው። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ። ዓመቱ ሲጀመር ከሌላ አካባቢ የተመደበ መምህር መጣልንና ስም መጥራት ጀመረ። እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ጃንጥላ… ጃንጥላ ነው የሚለው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ስቄያለሁ። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፤ ምክንያቱም የዛሬው ንግግር የመጣው ከዚያ ሳቅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ሰማዩ ሲጠቁር «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ተከፈት!» እንለው ነበር። ሲቆጣ ደግሞ «ተዘጋ!»። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ስንመዘገብ አባቱን ለምኖ ስሙን አስለወጠ። አያቱ እንደሰሙ ለሳምንት አላነጋገሩትም አሉ። እኛም ጨዋታው ስላለቀብን ትንሽ ቅር አለን እንጂ ያደረግነው ነገር አልታወቀንም።

ያኔ አንድ ሰው ቢነግረን ኖሮ! «ጃንጥላ» የሚለው ቃል እኮ የጃንጥራር የቅርብ ዘመድ ነው። ጃን ጥላ፣ ማለትም የጃን ጥላ፣ የንጉሥ ጥላ ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በንጉሥና በታቦት ራስ ላይ የተዘረጋ ነገር ነው፤ ዝናብ መከላከያ የሆነው በኋላ ነው። «ጃን» የግርማ ቃል ነው፤ የቤተ መንግሥት ቃል። ንጉሡን ፊት ለፊት ሲጠሩት «ጃንሆይ» ነው። አዲስ አበባ ጥምቀት የሚከበርበት፣ ሯጮችም የሚሮጡበት ሜዳ ጃን ሜዳ ነው። ጎንደር ላይ ጃን ተከል አለ። በሰሜን ተራሮች ጃን አሞራ አለ፤ ይህ ደግሞ ከአገር ስምነቱ በፊት በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ጭፍራ ስም የነበረ ነው። የቤተ መንግሥቱ ውስጥ አገልጋይ ጃንደረባ ይባላል። እንግዲህ ያ መምህር ሳያውቀው ልጁን የሰደበው በገዛ ወንድሙ ስም ነበር።

«ጥራር» የሚለው ሁለተኛው ክፍልስ? ጆሮ ቶሎ ብሎ ወደ «ጥሩር» ይወስዳል፤ ጦረኛ ከደረቱ ላይ የሚያጠልቀው የብረት ልብስ። ደስ የሚል ፍቺ ነው፣ ለፎቶ ጽሑፍም ይመቻል። ግን ድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በየገጹ ቃል እየሰነጠቅን ታሪክ የምንሠራበት ልማድ አለብን፣ ሌላው ሲያደርገው ደግሞ እንስቃለን። ስለዚህ እኔ ጥሩሩን አልገፋበትም። ቃሉ ይሠራበት የነበረውን ሥራ ማወቅ ከዚያ ይሻለናል።

ሥራው ጥበቃ ነበር።

አምባሰልን የማታውቁት በቅኝቱ ታውቁት ይሆናል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ ሲባል አራተኛው አምባሰል ነው፤ ማሪቱ ለገሠ የነገሠችበት። በማሩም ታውቁት ይሆናል፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ከገደል የሚቆረጠው ማር። ታሪክ የተማረ ደግሞ ውጫሌን ያስታውሳል፣ የ1881 ዓ.ም ውል የተፈረመባትን። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አምባሰል ግሸን ነው። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝብ የሚተምበት፣ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው፣ ዙሪያው ገደል የሆነው አምባ።

ያ አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆች መቀመጫ ነበር። «መቀመጫ» ያልኩት ለአፍ እንዲለሰልስ ነው፤ እስር ቤት ነበር። ንጉሥ በሞተ ቁጥር ወንድማማች እንዳይተላለቅ፣ ዙፋን ሊወርስ የሚችል ወንድ ሁሉ ከነገሠው በቀር ወደ አምባው ይወጣል። እዚያ ይማራል፣ ይጸልያል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል። አይወርድም። ከወረደ የሚወርደው ለመንገሥ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሡት ከዚያ አምባ ወርደው ነው። ይህን አገርና ይህን አምባ የሚገዛው፣ በሩንም የሚያስጠብቀው ሹም ነው እንግዲህ ጃንጥራር የተባለው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ፤ እኔን የያዘኝ ይህ ቦታ ነው። የዚህን ሰው ኑሮ አስቡት። የሚጠብቀው እስረኛ ሽፍታ አይደለም፤ ልዑል ነው። ከጠባቂው በላይ የተወለደ ነው። ዛሬ «አትውረድ» ይለዋል፤ ነገ መልእክተኞች ከቤተ መንግሥት መጥተው «ነግሠሃል» ቢሉት ያው እስረኛ ጌታው ይሆናል። ስለዚህ በጣም ቢከፋበት ነገ ይቀየምበታል። በጣም ቢላላለት ደግሞ ዛሬ ያለው ንጉሥ አንገቱን ይፈልጋል። ሁለት ንጉሥ አለው፤ አንዱ ታች ዙፋን ላይ፣ አንዱ ላይ ታስሮ፣ ማንኛው እንደሆነም አያውቅ። በዚህ መሃል ለማንም ሳያዳላ በሩን መያዝ አለበት። የንጉሥ ዘመድ ነኝ ብሎ ከመፎከር ይህ ይከብዳል።

የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. አገራችን ሲቆይ ስለዚህ የልዑላን ተራራና ስለ ጥበቃው ጥብቅነት በሰፊው ጽፏል። ወሬው ከእሱና ከመሰሎቹ ተነሥቶ አውሮፓን ዞረ። በዚያ ዘመን አገሩ የሚታወቀው ቤተ አማራ ተብሎ ነበርና ተራራውም በዚያው ስም ተጠራ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» ውስጥ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት «የአማራ ተራራ» ብሎ አነሣው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ ራሴላስ የጻፈው ልብ ወለድም ከዚሁ ከልዑላን እስራት ወሬ የተቀዳ ነው። ይህን ስናገር ደረታችሁ ሲነፋ ይታየኛል፤ የኔም ይነፋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በእነዚያ መጻሕፍት ልዑላኑ አሉ፣ ተራራው አለ፣ ገነቱ አለ። በሩ ላይ የቆመው ሰው ስሙ የለም። ስሙን ያቆየው ያ የአምባሰል አያት ነው፣ የልጅ ልጁን በጠራበት ቀን።

በ1540 እ.ኤ.አ. የኢማም አህመድ ጦር አምባውን ያዘው። የልዑላኑ እስር ቤት በዚያው አበቃ። በጎንደር ዘመን ይኸው ሥራ ሌላ ቦታ፣ ወህኒ አምባ ላይ ቀጠለ። ልብ አድርጉልኝ፤ ከዚህ በኋላ ጃንጥራር የሚጠብቀው ልዑል የለውም። ሥራው አልቋል። ሹመቱ ግን አላለቀም! ከአራት መቶ ዓመት በላይ የአምባሰል ገዢ ቤት «ጃንጥራር» እየተባለ ኖረ። ሌላ አገር ራስ አለ፣ ደጃዝማች አለ፣ ቀኛዝማች አለ፤ እነዚህ ከአገር አገር ይዞራሉ፤ ዛሬ ሰሜን የተሾመ ነገ ደቡብ ይሾማል። ጃንጥራር ግን ከአምባሰል አይወጣም። እንደ ዋግ ሹም ነው፤ ከአንድ አገርና ከአንድ ቤት ጋር የተሰፋ።

ከዚያ ቤት በጣም የምትታወቀው እቴጌ መነን ናቸው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ናቸው፣ የአምባሰሉ። እናታቸው ወይዘሮ ስሕን ሚካኤል፤ ደሴ የተማረ ሁሉ ስማቸውን ያውቀዋል፣ ትምህርት ቤቱ በእሳቸው ስም ነውና። የወይዘሮ ስሕን አባት ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፣ በ1870 ዓ.ም ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩት፣ የወሎው ኢማም። እንግዲህ በአንዲት ሴት ደም ውስጥ የግሸን ጠባቂ ሹመትና የወሎ ኢማምነት ተገናኙ። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ከባለቤታቸው ጋር ዘውድ የጫኑት እኒህ ሴት ናቸው። «የእገሌ ዘር ንጹሕ፣ የእገሌ ድብልቅ» እያልክ የምትጨቃጨቅ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ወደ አምባሰል ውጣና የስም ዝርዝር ተመልከት።

ስም ዝርዝር ካልኩ አይቀር፣ የወሎን ስም እንየው። ይመር የሚባል ሰው ስታገኙ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ከስሙ አታውቁም። ይማም የሚለው ስም ከ«ኢማም» የመጣ ነው፤ ማዕረግ ነበር፣ ዛሬ የሰው ስም ነው፣ ልጁ ክርስቲያን ስም ይዞ «እገሌ ይማም» ቢባል ወሎ ውስጥ ማንም አይደነቅም። አበጋዝም የጦር መሪነት ማዕረግ ነበር፤ ዛሬ ስንት አበጋዝ አለ! በአገሩ በሙሉ ብታዩት ማዕረግን ለልጅ መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው። መኮንን፣ መስፍን፣ ልዑል፣ ንጉሤ ሁሉም ሹመት ናቸው። ሴት ልጅም እቴጌ ትባላለች፣ ንግሥት ትባላለች። ሻምበልንማ ተዉት፤ ድምፃዊው ሻምበል በላይነህ የመቶ አለቃ ሆኖ ያደገ መኮንን አይደለም፣ ስሙ ነው።

ታዲያ ሻምበል እንዲህ ሲበዛ ጃንጥራር ለምን አነሰ? እንደኔ እንደኔ ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ሻምበል በየአገሩ አለ። ገበሬው አይቶታል፣ ዩኒፎርሙን ወዶለታል፣ «ልጄ እንደሱ በሆነ» ብሏል። ጃንጥራር ግን ባንድ ጊዜ አንድ ነው፤ ያውም አንድ ቦታ። ከአምባሰል ውጭ ያለ ሰው ያላየውን ሹመት እንዴት ለልጁ ይመኛል? ሁለተኛው ይብሳል። ሹመቱ በሕይወት እያለ፣ ባለሹመቱም ቤት ተራራው ሥር እያለ፣ አንድ ጭሰኛ ተነሥቶ ልጁን «ጃንጥራር» ቢለው ምን ይባል ነበር? ድፍረት ነው። መኮንን ብሎ መጥራት ምኞት ነው፤ ጃንጥራር ብሎ መጥራት ግን የሰው ወንበር መያዝ ነው። ስሙ ለድሃ ልጅ የተፈቀደው በ1967 ዓ.ም ንጉሣዊው ሥርዓትና ማዕረጎቹ ሲሻሩ ነው ብዬ አስባለሁ። የማውቃቸው ሦስቱም ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው። ከስም ፊት ይቀድም የነበረው ቃል ራሱ ስም ሆነ። አዋጁ ሹመቱን ሻረው፤ አያቶች ደግሞ ከወደቀበት አንሥተው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት።

እዚህ ሐይቅ ቆሜ ስለ አምባሰል ብቻ ባወራ የሐይቅ ልጆች ይቀየሙኛል። እናንተም ሹመት ነበራችሁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ትምህርት ቤት ያደረጉት ይህ ከፊታችን ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አበምኔቱ «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር። ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ከታላላቆቹ ሹመቶች አንዱ። አስቡት፣ አንዱ ውኃ ዳር ሰዓት ይጠብቃል፣ አንዱ ተራራ ላይ ልዑል ይጠብቃል፤ ሁለቱም ጠባቂዎች፣ ሁለቱም እዚሁ ጎረቤታሞች። ከሁለቱ አንዱ የልጅ ስም ሆነ፣ አንዱ አልሆነም። ልጁን «ዐቃቤ ሰዓት፣ ና እራት ብላ!» የሚል አባት እስካሁን አልገጠመኝም። (ከመካከላችሁ ካለ ንገሩኝ፤ ለልጁ ጃንጥላ እገዛለታለሁ።) መነኩሴ ልጅ አያወርስማ! የጃንጥራር ሹመት በደም ወረደ፣ የዐቃቤ ሰዓቱ በትምህርት ወረደ። ከኢየሱስ ሞዐ ቤት የወጡትን፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ስትቆጥሩ የትኛው እንደሚበልጥ እናንተው ፍረዱ።

አሁን ስሙ ትንሽ ታውቋል። ጃንጥራር ዓባይ ሚኒስትር፣ በኋላም የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ ሲሆኑ፣ ስሙን በዜና ሰምቶ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። የፖለቲካውን ነገር ለሌላ ቀን እንተወው፤ እኔ የያዝኩት ስሙን ነው። በየመድረኩም ወጣቱ የአባቶችን ስም መልሰን እናንሣ ማለት ጀምሯል። እሰየው ነው። ልጅ ሊወለድላችሁ ያለ ጓደኞቼ ደውላችሁ «ከባድ ስም፣ የኛ የሆነ፣ ማንም የሌለው» ስትሉኝ ይህንን ስም ነግሬአችሁ አውቃለሁ።

ግን በአንድ ነገር ልከራከራችሁ። ስሙን የምትፈልጉት «ገዢ ነበርን» ለማለት ብቻ ከሆነ ሹመቱን አላወቃችሁትም። ከላይ የነገርኳችሁን አትርሱ፤ የስሙ መነሻ እስር ቤት ነው። በዚያ አምባ ላይ ምንም ሳያጠፉ፣ የንጉሥ ልጅ ሆነው በመወለዳቸው ብቻ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ነበሩ። የጃንጥራርን ክብር ስናነሣ የእነሱንም ዓመታት አብረን ማንሣት አለብን። ያ ሰው የእርስ በርስ ጦርነትን በር ዘግቶ ያዘ ብትሉ እውነት ነው። ንጹሕ ሰው አሰረ ብትሉም እውነት ነው። ልጅ ሲያድግ «አባዬ፣ ስሜ ምን ማለት ነው?» ይላል። ያን ጊዜ ግማሹን ነግራችሁ ግማሹን ከዋጣችሁ፣ ሌላውን ግማሽ የሚነግረው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ክፉ አድርጎ። ሕፃኑን ባንዲራ አታድርጉት። ባንዲራ ሲወርድ ሲወጣ ይኖራል፤ እሱ ግን ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ ስሙ የሚጠራ ልጅ ነው። በስሙ ምክንያት የሚሳቅበትን ቀን የሚችልበት ነገር ከቤት ስጡት። ያ ጓደኛችን ያጣው እኮ ይህንኑ ነበር። አያቱ ስሙን ሰጡት፤ ታሪኩን ግን «ሲያድግ ይደርስበታል» ብለው አቆዩት። እኛ ቀደምናቸው።

ልጨርስ። ያ ጓደኛዬ ዛሬ በተለወጠው ስሙ ይኖራል፤ ዲግሪውም መታወቂያውም በዚያ ነው። አያቱ ካረፉ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ተወለደለትና ደወለልኝ፤ ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ዓመት ሳመነታ በኖርኩበት ስልክ እሱ ቀድሞ ደወለ። ስለ ሰባተኛ ክፍሉ ነገር ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀና «ተወው ባክህ፣ ይልቅ ና ምስክር ሁነኝ» አለ። የልጁን ልደት ለማስመዝገብ አብረን ሄድን።

መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት። ቅጹን ይዛ «የሕፃኑ ስም?» አለች። ነገራት። ብዕሯን አንሥታ ቀና አለች፦

«ጃን… ማን አሉኝ?»

ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ እንዲህ አላት፦

«እህቴ፣ ‹ጃንጥላ› ልትጽፊ እንደሆነ አድርገሽ ጀምሪው። ‹ጥ› ላይ ስትደርሺ ቁሚ፣ ቀጥሎ ያለውን እኔ እነግርሻለሁ።»